ሱፐር ራግቢ ከምሪ፦ አዲሱ የዌልስ ከፊል ፕሮፌሽናል ሊግ

ሱፐር ራግቢ ከምሪ በዌልስ የሚካሄድ የወንዶች ራግቢ ዩኒየን ሊግ ነው። የተጀመረው በሴፕቴምበር 2024 ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሥር ክለቦች ይሳተፉበታል። የሚመራው የአገሪቱ የስፖርቱ ፌዴሬሽን፣ ማለትም የዌልስ ራግቢ ዩኒየን ነው። ከምሪ ዌልሶች በራሳቸው ቋንቋ አገራቸውን የሚጠሩበት ስም ነው።

ሊጉ ያለው መሃል ላይ ነው። በላዩ አራት ሙሉ ፕሮፌሽናል ቡድኖች አሉ፦ ካርዲፍ፣ ኦስፕሬይስ፣ ስካርሌትስ እና ድራገንስ። እነሱ የሚገጥሙት የአየርላንድ፣ የስኮትላንድ፣ የጣሊያንና የደቡብ አፍሪካ ቡድኖችን ነው። ከታች ፕሪሚየርሺፕ የሚባለው ሊግ አለ። ከዚያም በታች የየከተማውና የየመንደሩ ክለቦች ይቀጥላሉ። ዌልስ 3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ትንሽ አገር ናት፤ የራግቢ ሜዳ የሌለበት ከተማ ማግኘት ግን ይቸግራል።

ከፊል ፕሮፌሽናል ሲባል ተጫዋቹ ገንዘብ ያገኛል፣ በዚያ ገንዘብ ብቻ ግን ኑሮውን አይገፋም። ቀን ላይ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ መምህር ነው፣ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በዌልስ ክለቦች የቆየው ልማድ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ መለማመድ ነው። ከሥራ ወጥቶ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ በቀጥታ ወደ ሜዳ። ጨዋታው ደግሞ ቀላል አይደለም። መቶ ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ለ80 ደቂቃ ይጋጫሉ። ትከሻው የተጎዳ ሰው ሰኞ ጠዋት ሥራ ይጠብቀዋል።

ለማያውቀው ያህል ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። በእያንዳንዱ ቡድን 15 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን ይዞ ከተጋጣሚ መስመር ባሻገር መሬት ማስነካት 5 ነጥብ ያስገኛል፤ ይህ ትራይ ይባላል። ከዚያ በኋላ ኳሷ በምሰሶዎቹ መሃል፣ ከአግዳሚው በላይ ተመትታ ካለፈች 2 ይጨመራል። የቅጣት ምት 3 ነው። ኳስ በእጅ ወደፊት መወርወር ክልክል ነው። የቀረውን እያዩ መልመድ ይሻላል።

ይህ ሊግ ለምን ይህን ያህል ክርክር እንዳስነሳ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የዌልስ ራግቢ ዩኒየን የተመሠረተው በ1881 ኒዝ ከተማ ውስጥ፣ ካስል በሚባል ሆቴል ነው። መሥራቾቹ 11 ክለቦች ነበሩ። ለመቶ ዓመት ያህል የዌልስ ራግቢ ማለት ክለብ ማለት ነበር። ክለብ ደግሞ ከተማ ማለት ነው። የድንጋይ ከሰል ማውጫው፣ የብረት ፋብሪካው፣ ቤተ ክርስቲያኑና የራግቢ ክለቡ አብረው ነው ያደጉት። አባት ልጁን የሚወስደው እሱ ራሱ አባቱ ወደወሰደው ሜዳ ነው።

እነዚህ ክለቦች ደግሞ ተራ አልነበሩም። ኒውዚላንድን የሚያህል ቡድን አራት የዌልስ ክለቦች አሸንፈዋል። ስዋንሲ በ1935 11 ለ 3፣ ካርዲፍ በ1953 8 ለ 3፣ ኒውፖርት በ1963 3 ለ 0፣ ላኔሊ በ1972 9 ለ 3። የስዋንሲው ድል ዛሬም ያስገርማል። ጨዋታውን መሃል ላይ ሆነው የመሩት ሃይደን ታነርና ዊሊ ዴቪስ ገና ትምህርት ቤት ያልጨረሱ ልጆች ነበሩ። ኒውፖርትም ቢሆን ኒውዚላንድ ያኔ ባደረገችው ረጅም የጨዋታ ጉዞ ያሸነፋት ብቸኛው ቡድን ነው። ከአራቱ ሦስቱ ዛሬ በሱፐር ራግቢ ከምሪ ይጫወታሉ (የካርዲፍ ክለብ ከላይ ከተጠቀሰው ፕሮፌሽናል ካርዲፍ የተለየ ቡድን ነው)። ላኔሊ የለም።

ነገሩ የተለወጠው በ1995 ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት ራግቢ ዩኒየን ተጫዋች ደመወዝ እንዲከፈለው በይፋ ፈቀደ። ከዚያ በፊት ገንዘብ የፈለገ ተጫዋች ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሄዶ ሌላኛውን ራግቢ፣ ራግቢ ሊግን ይጫወት ነበር። ደመወዝ ሲመጣ የዌልስ ክለቦች አቅም አጠራቸው። ትንንሽ ከተሞች ናቸው፣ ብዙ ናቸው፣ ገንዘቡ ግን አንድ ነው። በ2003 ፌዴሬሽኑ ቁርጥ ውሳኔ ወሰነ። ክለቦቹን ወደ ጎን አድርጎ አምስት የክልል ቡድኖች ፈጠረ።

እዚህ ላይ ነው ቁስሉ ያለው። የብሪጅንድና የፖንቲፕሪዝ ደጋፊዎች ሴልቲክ ዋሪየርስ በሚባል ቡድን ሥር አንድ ላይ ተደረጉ። ቡድኑ አንድ ዓመት ተጫውቶ በ2004 ፈረሰ። ቀድሞ የነበራቸውን ክለብ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ገፍተው፣ የተሰጣቸውን አዲስ ቡድን ደግሞ ነጠቋቸው። በእነዚያ ሸለቆዎች ያሉ ሰዎች የፌዴሬሽኑን አዲስ ዕቅድ በሰሙ ቁጥር ጥርጣሬ ቢያድርባቸው አይፈረድባቸውም።

ክለቦቹ ግን አልሞቱም። በፕሪሚየርሺፕ ሥር ሆነው ቀጠሉ። ችግሩ በእነሱና በፕሮፌሽናሎቹ መካከል ያለው ርቀት ከዓመት ዓመት መስፋቱ ነበር። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ከፕሮፌሽናል ቡድን ጋር ውል ይፈርማል። ልምምድ ይሠራል፣ ጂም ይገባል፣ ቅዳሜ ግን ተቀያሪ ወንበር እንኳ አያገኝም። ወደ ከተማ ክለብ ሲላክ ደግሞ ጨዋታው ከሚጠብቀው ፍጥነት በጣም ያነሰ ይሆናል። ፌዴሬሽኑ ሊጉን ሲያቅድ የተነሳው ከዚህ ነው። ጥቂት ክለብ፣ የተሻለ አሰልጣኝ፣ የተሻለ ሕክምና፣ ጠንካራ ጨዋታ። ሙሉ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ከጉዳት ሲመለሱም እዚህ ወርደው ይሟሟቃሉ።

ጊዜው ራሱ ይገፋ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ በ2023 ዓለም ዋንጫ ጆርጂያን ካሸነፈ በኋላ 18 ተከታታይ ጨዋታ ተሸነፈ። ድል ያየው በጁላይ 2025 ጃፓን ላይ ነው። ሊጉ የተጀመረው በዚያ ድርቅ መሃል ነው። ሰው ሁሉ መፍትሔ ይጠይቅ ነበር፤ አዲስ ሊግ ደግሞ መፍትሔ ይመስላል። እንደኔ ግን አሥር ክለብ የሚሳተፍበት ሊግ በሁለት ዓመት ብሔራዊ ቡድን ያድናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የዛሬ የ18 ዓመት ልጅ ፍሬ የሚያፈራው ቶሎ ቢባል ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ሊጉ የተገባው በውጤት ሰንጠረዥ ሳይሆን በፈቃድ ነው። ክለቦች አመለከቱ፣ መስፈርቱ ተመዘነ፣ አሥሩ ተመረጡ። አቤራቨን፣ ብሪጅንድ ሬቨንስ፣ ካርዲፍ፣ ካርማርዘን ኩዊንስ፣ ኤቡ ቬል፣ ላንዶቨሪ፣ ኒውፖርት፣ ፖንቲፑል፣ አር ጂ ሲ 1404 እና ስዋንሲ ናቸው። ካርታ ላይ ሲታይ ሦስቱ በድራገንስ አካባቢ፣ ሦስቱ በኦስፕሬይስ፣ ሁለቱ በስካርሌትስ፣ አንዱ በካርዲፍ፣ አንዱ ሰሜን ናቸው።

የሌሉትን መቁጠር ግን የበለጠ ይናገራል። ኒዝ የለም። ኒዝ በ1871 የተመሠረተ፣ የዌልስ አንጋፋ ክለብ ነው። ፌዴሬሽኑ የተወለደው በዚያች ከተማ ነው። የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሊግ በ1991 ያነሳውም እሱ ነው። ፖንቲፕሪዝም የለም። ከ2012 እስከ 2015 በተከታታይ አራት ጊዜ የፕሪሚየርሺፕ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። በዓለም አቀፍ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1,000 ነጥብ በላይ ያስቆጠረው ኒል ጄንኪንስ ያደገበት ነው። ከ2017 እስከ 2019 ሦስት ጊዜ ያሸነፈው መርተርም የለም። መስፈርት መስፈርት ነው ይባላል። ሆኖም የፖንቲፕሪዝ ደጋፊ ከ2003 ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተገፋ ሲያስብ፣ መስፈርት የሚለው ቃል ብዙም አያጽናናውም።

ከገቡት ውስጥ አንዳንዶቹን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል።

አቤራቨን የፖርት ታልቦት ክለብ ነው። ከተማው የብረት ከተማ ነው፤ የማቅለጫዎቹ ጭስ ከሩቅ ይታይ ነበር። የመጨረሻው ማቅለጫ ምድጃ የጠፋው በሴፕቴምበር 30፣ 2024 ነው። አዲሱ ሊግ በተጀመረበት በዚያው ወር ማለት ነው። አገሬው ሥራውን ሲያጣ ክለቡ ከፍ ወዳለ ሊግ ገባ። ኤቡ ቬል ይህን መንገድ ቀድሞ ያውቀዋል። የእሱ የብረት ፋብሪካ በ2002 ተዘግቷል። ክለቡ ግን አሁንም የብረት ሰዎቹ እየተባለ ይጠራል።

ላንዶቨሪ ትንሿ ናት። በገጠር መሃል ያለች፣ ጥቂት ሺህ ነዋሪ ብቻ ያላት ከተማ ናት። የክለቡ ቅጽል ስም ከብት ነጂዎቹ ነው፤ ድሮ ከብት ወደ እንግሊዝ ገበያ የሚነዳው በዚያ በኩል ነበር። በ1881 ፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት ክለቦች አንዱ ነው። ይህች ከተማ ከካርዲፍና ከስዋንሲ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ መቀመጧ ለኔ የሊጉ ምርጥ ነገር ነው።

ፖንቲፑል ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ ግራሃም ፕራይስ፣ ቦቢ ዊንድሰርና ቻርሊ ፎክነር የሚባሉ ሦስት የፊት መስመር ተጫዋቾች ነበሩት። ስክረም ማለት ከየቡድኑ ስምንት ስምንት ሰው ተቃቅፎ የሚገፋፋበት የጨዋታ ክፍል ነው። ሦስቱ እዚያ ሲገቡ ተጋጣሚ ይጨነቅ ነበር። ሦስቱም አብረው ለዌልስ ተሰልፈዋል። በ2012 ፌዴሬሽኑ የፕሪሚየርሺፕን ክለቦች ሲቀንስ ፖንቲፑል ወደ ታች ተጣለ። ክለቡ ዝም አላለም፤ ፌዴሬሽኑን ፍርድ ቤት ገተረው። ተሸነፈ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያው ፌዴሬሽን ባቋቋመው አዲስ ሊግ ፈቃድ ተሰጠው።

አር ጂ ሲ 1404 ከሁሉም ይለያል። የሰሜን ዌልስ ቡድን ነው፤ ሜዳው ኮልዊን ቤይ ነው። ሰሜኑ በተለምዶ የእግር ኳስ አገር ነው፤ ራግቢው ደቡብ ላይ ተከማችቷል። 1404 ኦዌን ግሊንዱር በእንግሊዝ ላይ ባመፀበት ዘመን ማኪንሌት ላይ ፓርላማ የጠራበት ዓመት ነው። ቡድኑ በ2017 የዌልስን ዋንጫ ካርዲፍ በሚገኘው ብሔራዊ ስታዲየም አንስቷል። 15 ለ 11 ያሸነፈው ማንን መሰላችሁ? ፖንቲፕሪዝን። ደቡብ ሄዶ የሚጫወት የሰሜን ልጅ ግማሽ ቀኑን አውቶቡስ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ማግስቱን ሥራ ላለበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሊጉ ይዘልቃል ወይ ለሚል፣ ጎረቤት ያለው ምሳሌ የሚያስደስት አይደለም። ስኮትላንድ በ2019 ሱፐር ሲክስ የሚባል፣ ስድስት ክለብ ያለው ተመሳሳይ ሊግ ጀመረች። ዓላማው ያው ነበር፤ ከክለብ ወደ ፕሮፌሽናል መሸጋገሪያ። በ2024 ዘጋችው። ዌልስ የራሷን የከፈተችው በዚያው ዓመት ነው። ልዩነት አለ ማለት ይቻላል። የዌልስ ክለቦች ስማቸውን፣ ሜዳቸውንና ደጋፊያቸውን ይዘው ነው የገቡት፤ ከስኮትላንድ ክለቦች አንዳንዶቹ ግን ለሊጉ ሲሉ አዲስ ስም አውጥተው ነበር። የሜልሮዝ ቡድን ለምሳሌ ሳውዘርን ናይትስ ተብሎ ነው የተጫወተው። ደጋፊ ስም ሲቀየርበት አይወድም። ዌልስ ይህን በ2003 ተምራዋለች።

ሌላው ተፎካካሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጎበዝ የሆነ የ19 ዓመት ልጅ ካርዲፍ ሜትሮፖሊታን ወይም ስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በብሪታንያ የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ መጫወት ይችላል። እዚያ ዲግሪም አለ፣ ጥሩ ጨዋታም አለ። የከተማ ክለቦች ይህን ልጅ ለማግኘት መሻማት አለባቸው።

ከላይ ያለውም ቤት ሰላም አይደለም። ፕሮፌሽናሉ ካርዲፍ በኤፕሪል 2025 የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ገብቶ ፌዴሬሽኑ ተረከበው። ኦስፕሬይስ የ2025ቱን የውድድር ዘመን የጀመረው በብሪጅንድ ሜዳ፣ ብሩወሪ ፊልድ ላይ ነው። የከፊል ፕሮፌሽናል ክለብ ሜዳ ላይ ሙሉ ፕሮፌሽናል ቡድን መጣ ማለት ነው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ፌዴሬሽኑ አራቱን ቡድኖች ወደ ሦስት እንደሚቀንስ አስታወቀ። አንድ በዋና ከተማዋ፣ አንድ በምሥራቅ፣ አንድ በምዕራብ። አንድ ቡድን ሲዘጋ በርካታ ተጫዋቾች ያለ ውል ይቀራሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ወደ እንግሊዝና ፈረንሳይ ይሻገራሉ። ሌሎቹ ሥራ ፈልገው፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከእነ ላንዶቨሪና ከእነ አቤራቨን ጋር ልምምድ መጀመራቸው አይቀርም።