የመንግሥትን ክትትል ላጋለጡ ሰዎች ምሕረት የመስጠት ጥያቄ

መንግሥት በገዛ ዜጎቹ ላይ የሚያካሂደውን ምስጢራዊ ክትትል ከውስጥ ሆነው ያዩና ለሕዝብ ያሳወቁ ሰዎች ከክስና ከቅጣት ነፃ ሊሆኑ ይገባል ወይ የሚለው ክርክር በአሜሪካ ጎልቶ የወጣው፣ የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ለተባለው የስለላ ድርጅት በኮንትራት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 የኤጀንሲውን ምስጢራዊ ሰነዶች ለጋዜጠኞች ከሰጠ በኋላ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ በዚሁ ጉዳይ ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ምሕረት የሚመስል ነገር ተሰጥቶ ነበር፤ የተሰጠው ግን ለአጋላጮች ሳይሆን ለተጋለጡት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በሳን ፍራንሲስኮ ፎልሰም ጎዳና ላይ ካለ የቴሌኮም ኩባንያው የኤቲ ኤንድ ቲ ሕንፃ ነው። የኩባንያው ቴክኒሻን የነበረው ማርክ ክላይን በስድስተኛው ፎቅ 641ኤ የሚል ቁጥር ያለው ክፍል ሲሠራ፣ ወደ ውስጥም መግባት የሚችሉት ኤጀንሲው ያጣራቸው ሰዎች ብቻ መሆናቸውን አየ። የኢንተርኔት መልእክት በፋይበር ገመድ ውስጥ የሚጓዘው በብርሃን ነው፤ በገመዶቹ ላይ የተገጠመው መክፈያ መሣሪያ ያንን ብርሃን ለሁለት ከፍሎ አንዱን በተለመደው መንገዱ ይለቅቀዋል፣ ሌላውን ወደዚያ ክፍል ይልከዋል። መልእክቱ ለባለቤቱ ምንም ሳይጎድል ስለሚደርሰው፣ ሌላ ቅጂ መኖሩን ሊጠረጥር የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ክላይን ይህን የተረዳው ከመሥሪያ ቤቱ የቴክኒክ ንድፎች ሲሆን፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ በ2006 ሰነዶቹ ኩባንያው በተከሰሰበት መዝገብ ማስረጃ ሆነው ቀረቡ። ፍርድ ቤቶች የክሱን ፍሬ ነገር መርምረው ሳይወስኑ፣ ኮንግረስ በጁላይ 2008 ከመንግሥት ጋር የተባበሩ የቴሌኮም ኩባንያዎችን ወደ ኋላ ተመልሶ ከፍትሐ ብሔር ተጠያቂነት የሚያድን ሕግ አወጣ። ይህ ሕግ ምሕረት የሚል ስም ባይሰጠውም ያከናወነው የምሕረትን ሥራ ነው፤ በመሆኑም ለአጋላጮች ምሕረት መጠየቅ ሕግን ያፈርሳል የሚለው ክርክር በዚህ ታሪክ ፊት ክብደቱ ይቀንሳል።

በሕግ ቋንቋ ምሕረትና ይቅርታ አንድ አይደሉም። ምሕረት አብዛኛውን ጊዜ አንድን ዓይነት ድርጊት የፈጸሙ ሰዎችን በጅምላ የሚመለከት ሲሆን፣ ይቅርታ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ነው። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በጃንዋሪ 1977 የቬትናም ጦርነትን የግዳጅ ምልመላ ለሸሹ የሰጡት የመጀመሪያውን ይመስላል፤ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በ1974 ገና ክስ ላልተመሠረተባቸው ለቀድሞው ፕሬዚዳንት ለሪቻርድ ኒክሰን የሰጡት ደግሞ ሁለተኛው ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1915 ውሳኔ ይቅርታን መቀበል ጥፋትን እንደ ማመን ሊታይ እንደሚችል ስለጠቆመ፣ ትክክል ሠርቻለሁ ለሚል ሰው ይቅርታ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ለጋዜጣ ምስጢር በማውጣት ተፈርዶበት ሙሉ ይቅርታ ያገኘ ሰው ግን አለ፤ የሶቪየት መርከብ ግንባታን የሚያሳዩ የሳተላይት ፎቶግራፎችን ለብሪታንያ መጽሔት በመስጠቱ በ1985 ጥፋተኛ የተባለውን ሳሙኤል ሞሪሰንን ቢል ክሊንተን በ2001 በሥልጣናቸው የመጨረሻ ቀን ይቅር ብለውታል።

ምሕረትን አስፈላጊ የሚያደርገው ዋናው ምክንያት የክሱ ባሕርይ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1917 የወጣው የስለላ ወንጀል ሕግ ምስጢርን ለጠላት በሸጠና ለጋዜጠኛ በሰጠ ሰው መካከል ግልጽ ልዩነት አያደርግም፤ ተከሳሹም ድርጊቱ ለሕዝብ ጥቅም ነበር ብሎ የሚከላከልበት በር አልተወለትም። የኤጀንሲው ከፍተኛ ባልደረባ የነበረው ቶማስ ድሬክ ቅሬታውን በመጀመሪያ ለአለቆቹ፣ ለመከላከያ ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተርና ለኮንግረስ የደህንነት ኮሚቴዎች አቅርቦ ነበር። ቆይቶ ለጋዜጠኛ ተናገረ፤ በ2010 እስከ 35 ዓመት ሊያሳስሩ በሚችሉ 10 ክሶች ተከሰሰ። በ2011 ችሎቱ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ ክሶቹ ተነሥተው፣ ኮምፒውተርን ከተፈቀደው ውጭ በመጠቀም አንድ ቀላል ጥፋት ብቻ ቀረ፤ ቅጣቱም የአንድ ዓመት የገደብ ጊዜና 240 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ነበር። ዳኛው መንግሥት ሰውየውን ለዓመታት ያሳለፈበትን መከራ በግልጽ ወቅሰዋል። እሱ ግን በዚያ መሐል ሥራውን አጥቶ በአፕል መደብር ሻጭ ሆኖ ነበር። አጋላጭ ቅሬታውን በተፈቀደው የውስጥ መንገድ ማቅረብ አለበት የሚለው ምክር ለድሬክ ምን እንዳስገኘለት ይህ ይነግረናል።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ሥጋት ቀላል አይደለም። ምስጢር ለመጠበቅ የፈረመ እያንዳንዱ ሠራተኛ የትኛው ምስጢር መውጣት እንዳለበት በራሱ እንዲወስን ከተፈቀደለት የደህንነት ሥራ መቀጠል አይችልም ይላሉ። የተወካዮች ምክር ቤት የደህንነት ኮሚቴ አባላትም በ2016 ስኖውደን ከወሰዳቸው ሰነዶች አብዛኞቹ ከዜጎች ግላዊነት ጋር ግንኙነት የሌላቸው ናቸው በማለት ይቅርታ እንዳይሰጠው በአንድ ድምፅ ጠይቀዋል። ይህ መልስ የሚሻ ነጥብ ነው፤ ምሕረቱ ሕገወጥነታቸው በተረጋገጠ ተግባራት ላይ ብቻ እንዲወሰን የሚሉ ወገኖች ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ ሚዛን የሚደፋውም ለዚህ ነው።

ያ ማረጋገጫ በከፊል ተገኝቷል። ከስኖውደን ሰነዶች መጀመሪያ የታተመው፣ ቬራይዘን የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ የደንበኞቹን የጥሪ መዝገብ፣ ማለትም ማን ለማን መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደደወለ፣ በየቀኑ እንዲያስረክብ የሚያዝ ነበር። የብሔራዊ ደህንነት መረጃ ዳይሬክተሩ ጄምስ ክላፐር ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በማርች 2013፣ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አሜሪካውያንን መረጃ ትሰበስባላችሁ ወይ ተብለው በሴኔት ሲጠየቁ አይደለም ብለው ነበር። በሜይ 2015 የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን የጅምላ መሰብሰብ ሕጉ እንደማይፈቅደው ወሰነ፤ በጁን ኮንግረስ አሠራሩን በአዲስ ሕግ አስቆመ፤ በ2020 ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሕገወጥ ነበር ሲል ደገመው። የአውሮፓ ፓርላማ በ2015 በ285 ድምፅ ለ281 አባል አገሮች በስኖውደን ላይ ያለውን ክስ ሁሉ እንዲያነሡ ጠየቀ፤ ዋይት ሀውስ ግን በዚያው ዓመት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የፈረመበትን የይቅርታ ጥያቄ አልተቀበለም።

ከምሕረት ሌላ የሚቀርበው መፍትሔ ዳኞች የአጋላጩን ምክንያት እንዲመዝኑ ማድረግ ነው። በካናዳ ሕግ የሕዝብ ጥቅም መከላከያ በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ታውቆ ይገኛል። ስኖውደንም ድርጊቱን ለምን እንደፈጸመ ለዳኞች የማስረዳት ዕድል ከተሰጠው፣ ከሚኖርባት ሩስያ ወደ አሜሪካ ተመልሶ ለፍርድ እንደሚቀርብ በ2019 ተናግሯል። ያ ዕድል አልተሰጠውም፤ በ2022 የሩስያ ዜግነት ተቀበለ።