ተጓዳኝ ይፋዊ ቋንቋ ምንድን ነው? ስፓኒሽና የስፔን ሌሎች ቋንቋዎች

ላሊጋ የሚከታተል ሰው ሳያስበው ካታላንኛ ሲያነብ ኖሯል። በባርሴሎና ስታዲየም በካምፕ ኑ ወንበሮች ላይ በትልቁ የተጻፈው «ሜስ ኬ ኡን ክሉብ» (ከክለብም በላይ) ስፓኒሽ አይደለም፤ የካታሎኒያ ቋንቋ ነው። ሚኬል አርቴታ የተወለደባት ሳን ሴባስቲያን በባስክኛ ዶኖስቲያ ትባላለች፤ የከተማዋ ሕጋዊ ስም ሁለቱንም ይዟል። የዴፖርቲቮ ከተማ ላ ኮሩኛ ደግሞ ዛሬ በመንግሥት ወረቀት ላይ በጋሊሲያኛው አጠራር «አ ኮሩኛ» ብቻ ናት።

እነዚህ ቋንቋዎች በስፔን ሕግ ያላቸው ቦታ «ኮኦፊሲያል» ይባላል። በአማርኛ ተጓዳኝ ይፋዊ ቋንቋ ብንለው ያስኬዳል። በአንድ ክልል ውስጥ ከስፓኒሽ ጎን ለጎን የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ የሚያገለግል ማለት ነው። ማመልከቻ በእሱ ይገባል። መታወቂያው በሁለቱ ቋንቋዎች ይታተማል። ልጆች ይማሩበታል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው «ጎን ለጎን» የምትለዋ ላይ ነው፤ ጎን ለጎን የቆመ ሁሉ እኩል አይደለም።

መሠረቱ የ1978ቱ ሕገ መንግሥት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አንቀጽ 3 መጀመሪያ ስፓኒሽን ያነሳል። «ካስቲያኖ» ነው የሚለው፤ የካስቲያ ቋንቋ እንደማለት። የመንግሥቱ ይፋዊ ቋንቋ እሱ ነው፤ ስፔናውያን ሁሉ እሱን የማወቅ ግዴታ፣ የመጠቀምም መብት አላቸው ይላል። ቀጥሎ ሌሎቹ የስፔን ቋንቋዎችም በየራስ ገዝ ክልላቸው፣ በክልሉ መተዳደሪያ ሕግ መሠረት፣ ይፋዊ ይሆናሉ ይላል። በመጨረሻም የቋንቋ ብዝኃነቱ ሊከበርና ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ ነው ይላል።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ላይ «ግዴታ» አለ። ሁለተኛው ላይ የለም። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ሲያደርግ ዜጋው እንዲያውቀው ግዴታ አይጥልም። የስፔኑ ይጥላል፤ የሚጥለው ግን ለአንዱ ቋንቋ ብቻ ነው። የባርሴሎና ነዋሪ «ካታላንኛ አላውቅም» ቢል ማንም በሕግ አይጠይቀውም። «ስፓኒሽ አላውቅም» ቢል ግን አያዋጣውም። ካታሎኒያ በ2006 ባወጣችው የመተዳደሪያ ሕግ ካታላንኛን በመንግሥት ቢሮዎች «ተመራጭ» ቋንቋ አድርጋው ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2010 «ተመራጭ» የሚለውን ቃል ሰረዘው።

ሌላም ነገር አለ። መብቱ የተሰፋው ከመሬቱ ጋር ነው፤ ሰውየውን ተከትሎ አይሄድም። ባርሴሎና ላይ በካታላንኛ የሚስተናገድ ሰው ባቡር ተሳፍሮ ከካታሎኒያ ውጭ ያለችው ሳራጎሳ ሲደርስ መብቱ ኋላው ቀርቷል። ከ17ቱ ራስ ገዝ ክልሎች ተጓዳኝ ቋንቋ ያላቸው 6 ብቻ ናቸው፦ ካታሎኒያ፣ ባሊያሪክ ደሴቶች፣ ቫሌንሲያ፣ ጋሊሲያ፣ ባስክ አገርና ናቫራ። ናቫራ እንዲያውም ራሷ በሦስት ዞን ተከፍላለች። ሰሜኗ ላይ ባስክኛ ይፋዊ ነው፣ ደቡቧ ላይ አይደለም፣ ዋና ከተማዋ ፓምፕሎና ደግሞ «ድብልቅ» በሚባለው መሀል ላይ ትገኛለች። በተቃራኒው ፒሬኒስ ተራሮች ውስጥ አራን የምትባል ሸለቆ አለች። ነዋሪዋ 10 ሺህ ገደማ ነው። አራንኛ የሚባለው ቋንቋዋ ግን ከ2006 ጀምሮ በመላው ካታሎኒያ ይፋዊ ነው። አስቱሪያስን ብትወስዱ፣ አስቱሪያንኛ ጥበቃ የሚያደርግለት ሕግ አለው፤ ይፋዊነት ግን እስካሁን አላገኘም።

የቫሌንሲያው ነገር ትንሽ ያስቃል። እዚያ የሚነገረው ቋንቋ በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ከካታላንኛ ጋር አንድ ነው። በክልሉ ሕግ ግን ስሙ ቫሌንሲያኛ ነው፤ ካታላንኛ ነው ብትል የምትጣላው ሰው አታጣም። በ2004 የስፔን መንግሥት ለአውሮፓ ኅብረት ሊጸድቅ የታሰበውን ሕገ መንግሥት በአገሪቱ ቋንቋዎች አስተርጉሞ ሲልክ የካታላንኛና የቫሌንሲያኛ ቅጂ ለየብቻ ገባ። ካታሎኒያ ግን የቫሌንሲያውን ትርጉም እንዳለ ተቀብላ የራሷ አደረገችው። ብራስልስ የደረሱት ሁለቱ «ቋንቋዎች» ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንድ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ? ከፍራንኮ ዘመን ነው። ከ1939 እስከ 1975 አገሪቱን የገዛው ፍራንኮ ራሱ የጋሊሲያ ልጅ ነው፤ ቢሆንም ከስፓኒሽ ሌላ ያለውን ቋንቋ ከቢሮ፣ ከትምህርት ቤትና ከመዝገብ አስወጣ። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። ለልጅ ስም ማውጣት እንኳ በስፓኒሽ ካልሆነ አይመዘገብም ነበር። ዮሃን ክራይፍ በባርሳ እየተጫወተ ሳለ በ1974 ወንድ ልጅ ወለደ። ጆርዲ አለው። ጆርዲ የእኛው ጊዮርጊስ ነው፤ ቅዱሱ የካታሎኒያም ጠባቂ ነው። ባርሴሎና ላይ ሊያስመዘግበው ሲሄድ ስሙ «ሆርሄ» ካልሆነ አይሆንም ተባለ። ልጁ ግን አምስተርዳም ተወልዶ እዚያው ጆርዲ ተብሎ ተመዝግቦ ስለነበር ክራይፍ ወረቀቱን አሳይቶ አሸነፈ። የሆላንድ ወረቀት ያልነበረው ካታላናዊ አባት ምን አማራጭ ነበረው? ሆርሄ ብሎ አስጽፎ ቤት ሲገባ ጆርዲ ብሎ መጥራት ብቻ።

ከፍራንኮ በኋላ ክልሎቹ ቋንቋቸውን መልሰው ለማቆም የያዙት ዋናው መሣሪያ ትምህርት ቤት ነው። ካታሎኒያ ከ1983 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ልጆችን ሁሉ፣ ቤታቸው የሚነገረው ምንም ይሁን ምን፣ በካታላንኛ ወደ ማስተማር ሄደች። ስፓኒሽ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። የፍርድ ቤት ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። በ2020 የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቢያንስ 25 በመቶው ትምህርት በስፓኒሽ ይሁን ብሎ ወሰነ፤ ክልሉ በ2022 ምንም መቶኛ የማይጠቅስ ሕግ አውጥቶ መለሰ።

ባስኮች በሌላ መንገድ ሄዱ። ወላጅ ይምረጥ አሉ። ሦስት ሞዴል አለ፦ «ኤ» በስፓኒሽ ተምሮ ባስክኛን እንደ አንድ ትምህርት መውሰድ ነው፣ «ቢ» ግማሽ በግማሽ ነው፣ «ዲ» በባስክኛ ተምሮ ስፓኒሽን እንደ አንድ ትምህርት መውሰድ ነው። ባስክኛ ቀላል ቋንቋ አይደለም። ከስፓኒሽም ሆነ በዓለም ላይ ከሚታወቅ ከየትኛውም ቋንቋ ጋር ዝምድና የለውም። የሁሉም የጋራ የሆነ የጽሑፍ ቋንቋ ያገኘውም ገና በ1968 ነው። እንደዚያም ሆኖ ወላጆች ወደ «ዲ» ጎረፉ፤ ራሳቸው ባስክኛ የማይችሉትም ጭምር። በባስክ አገር በ1991 ከ16 ዓመት በላይ ካለው ሕዝብ ቋንቋውን የሚናገረው 24 በመቶ ገደማ ነበር። በ2021 36 በመቶ ደረሰ። ከ16 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ይችሉታል።

መቻልና መናገር ግን ሁለት ነገር ናቸው። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ጋ ነው። ባርሴሎና ዳቦ ቤት ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ደንበኛዋ «ቦን ዲያ» ብላ በካታላንኛ ትገባለች። ሻጩ በስፓኒሽ «ቡዌኖስ ዲያስ፣ ምን ልስጥሽ?» ይላል። ሻጩ ምናልባት ካታላንኛ አሳምሮ ይሰማል፤ ያደገው ግን በስፓኒሽ ነው። ደንበኛዋ ሳታስበው ወደ ስፓኒሽ ትዞራለች። ዳቦዋን ይዛ ትወጣለች። ማንም አላስገደዳት፣ ማንም አልተቆጣትም። ይሉኝታ ነው። ይህ በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚደጋገም አስቡት። የሚዞረው ሁልጊዜ ያው አንዱ ወገን ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችለው እሱ ስለሆነ።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። በ2023ቱ የካታሎኒያ ጥናት ካታላንኛ ይገባኛል ያለው ከ90 በመቶ በላይ ነው። የዘወትር ቋንቋዬ እሱ ነው ያለው ግን 32.6 በመቶ ብቻ ነው፤ በ2003 46 በመቶ ነበር። ከውጭ የገባው ሕዝብ መብዛቱ አንዱ ምክንያት ነው። ከላቲን አሜሪካ የመጣ ሰው ስፓኒሹን ይዞ ነው የሚደርሰው፤ ሁለተኛ ቋንቋ ካልተማረ የሚጎድልበት ነገር አይታየውም። የክልሉ መንግሥት ሰዉ ካታላንኛ እንዲናገር የሚያበረታታ ዘመቻ ደጋግሞ አካሂዷል። ይሉኝታን በማስታወቂያ መለወጥ ግን ከባድ ነው።

በ2023 ክርክሩ ማድሪድ ፓርላማ ገባ። በመስከረም ወር ካታላንኛ፣ ባስክኛና ጋሊሲያኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በተወካዮች ምክር ቤት በትርጉም መነገር ጀመሩ። የቀኝ ጽንፈኛው የቮክስ ፓርቲ ተወካዮች የትርጉም ማዳመጫዎቻቸውን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንበር ላይ ከምረው ወጡ። «ሁላችንም ስፓኒሽ እየቻልን አስተርጓሚ ለምን?» ነው ክርክራቸው። ጥያቄው እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም፤ ገንዘብ ይወጣበታል። ግን ሁሉም ስፓኒሽ የሚችለው ሕጉ አንዱን ብቻ ግዴታ ስላደረገ መሆኑን ይዘላል።

በዚያው ዓመት ስፔን ሦስቱን ቋንቋዎች የአውሮፓ ኅብረት ይፋዊ ቋንቋ አድርጉልኝ ብላ ጠየቀች፤ ወጪውንም እኔ እችላለሁ አለች። ለዚህ 27ቱም አገሮች መስማማት አለባቸው። አንዳንዶቹ የሕግ ጥያቄ እያነሱ፣ ነገ ሌላውም ይጠይቃል ብለው እየሰጉ፣ ጉዳዩ በቀጠሮ ሲንከባለል ቆይቷል። ከኅብረቱ 24 ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ማልታኛ ነው፤ ተናጋሪው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። ካታላንኛ የሚናገረው ወደ 10 ሚሊዮን ይጠጋል። ግን ማልታ አባል አገር ናት፤ ካታሎኒያ የአንድ አባል አገር ክልል ናት።