ጎልማሳን ጂኦሎጂ ማስተማር፤ የጎጃም ተሞክሮ

ጎጃም ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ የክረምት ወይም የኤክስቴንሽን ተማሪ ነው። የጂኦግራፊ መምህር፣ የግብርና ባለሙያ፣ የውሃ ወይም የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ስለ ምድር ሲማር ደግሞ ባዶውን አይመጣም። ዋልካ በበጋ እንደሚሰነጠቅ፣ በክረምት እንደሚያብጥና የቤት ግድግዳ እንደሚሰነጥቅ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። የሚጎድለው ምክንያቱ ነው።

ስለዚህ ጎበዝ መምህር “ባዛልት ምንድን ነው?” ብሎ አይጀምርም። “እናንተ አገር ምንጭ የሚፈልቀው የት ላይ ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ከገደል ሥር የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ማስረዳት ቀላል ነው። ባዛልት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ላቫ፣ ማለትም የቀለጠ ድንጋይ፣ ቀዝቅዞ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሲሰነጣጠቅ ውሃ ያሳልፋል። በሁለት የላቫ ንጣፎች መካከል ሸክላማ አፈር ካለ ግን ውሃው ወደ ታች መውረድ ያቅተውና በጎን ይወጣል። የሙያ ስሙ የሚመጣው ነገሩ ከገባ በኋላ ነው። በጎልማሶች ትምህርት ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው ማልኮም ኖውልስም አጥብቆ የያዘው ሐሳብ ይሄው ነው፤ ጎልማሳ የሚማረው ልምዱን መነሻ አድርጎ፣ ለኑሮው ወይም ለሥራው የሚጠቅመውን ነው።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት አቻ የለውም። ከላይ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ባዛልት አለ። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ፣ ከሥር ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ዓባይ ይህን ሁሉ ከ1,000 ሜትር በላይ ቆርጦ ገልጦታል። ተማሪው ራሱ ነጩ ድንጋይ ላይ አሲድ ጠብ ያደርጋል። ድንጋዩ ይፈላል፤ ኖራ መሆኑ ታወቀ። በአጉሊ መነጽር ሲያየው የባሕር ዛጎል ያገኛል። በዳይኖሰሮች ዘመን እዚህ ባሕር እንደነበረ መምህሩ የሚናገረው ያኔ ነው።

ከባዱ የጊዜ ነገር ነው። 150 ሚሊዮን ዓመት ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ከእምነቱ ጋር የሚያጋጨውም አለ። እኔ የምደግፈው ቁጥሩን ወደ ኋላ ማቆየትን ነው። መጀመሪያ ቅደም ተከተሉ ይታይ። የጤፍ ክምር ላይ ቀድሞ የተቀመጠው ነዶ ከታች ነው፤ ያልተገለበጠ የድንጋይ ንጣፍም እንደዚያው። ይህ ከገባ ቁጥሩ አያስፈራም።

መማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ ሌላ ፈተና ነው። ትምህርት ካቋረጠ ዓመታት ያለፈው ሰው ነገሩን እያወቀ ቃሉ ይጠፋበታል። በአማርኛ አስረድቶ የሙያ ቃሉን ማስከተል ያዋጣል። መምህሩ በዕድሜ ሲያንስ ደግሞ ተማሪውን አንቱ ማለቱ የግድ ነው። ጎልማሳን በሰው ፊት “እንዴት ይሄ ይጠፋሃል?” ማለት ከክፍል እንደ ማስወጣት ነው።

ለፈተናም ቃል ከማስሸምደድ የመስክ ደብተር ይሻላል። ተማሪው የሰፈሩን ገደል ይሳል፣ ንጣፎቹን ይለይ፣ ምንጩ የቱ ጋ እንደሆነ ያመልክት።

የክረምት ተማሪ ግን ዓባይ በረሃን የማየት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ዝናብ ሲበረታ መንገዱ ናዳ ያሰጋዋል። ባሕር ዳር ላሉት የጢስ ዓባይ ባዛልት፣ እንጅባራ ላሉት ደግሞ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው የዘንገና ሐይቅ ቅርብ ነው። ያም ካልተቻለ ከከተማ ዳር ያለ የድንጋይ ካባ ለግማሽ ቀን ትምህርት ይበቃል።