መሰላሉ ዝም ብሎ አልቆመም፦ ስለ ዲኤንኤና አርኤንኤ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዲኤንኤ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ያ የተጠማዘዘ መሰላል ነው። ሥዕሉ ጥሩ ነው፤ ብዙ ያስተምራል። ችግሩ አይንቀሳቀስም። እውነተኛው ዲኤንኤ ይታጠፋል፣ ይከፈታል፣ ይቆረጣል፣ ይጠገናል። ስለ ዲኤንኤና አርኤንኤ የምንሰማቸው ብዙዎቹ ስህተቶች ከዚያ ከቆመ ሥዕል የተወለዱ ይመስለኛል። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ዲኤንኤን ያገኙት ዋትሰንና ክሪክ ናቸው»

አይደሉም። ዲኤንኤን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሴል ውስጥ ለይቶ ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው ፍሬድሪክ ሚሸር ነው፤ በ1869። ያገኘውም ከቁስል ፋሻ ላይ በሰበሰበው መግል ውስጥ ካሉ ነጭ የደም ሴሎች ነው። የዘር መረጃ ተሸካሚው ዲኤንኤ መሆኑን ደግሞ ኦስዋልድ ኤቨሪና ሁለት ባልደረቦቹ በ1944 በባክቴሪያ ላይ ሠርተው አሳዩ።

ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 ያቀረቡት የሞለኪዩሉን ቅርጽ ነው። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ብቻቸውን አልደረሱበትም። ኤርዊን ቻርጋፍ ከአራቱ ቤዞች (የመሰላሉ ደረጃዎች ከተሠሩባቸው ኬሚካሎች) መካከል የአዴኒን መጠን ከታይሚን፣ የጉዋኒን መጠን ከሳይቶሲን ጋር እኩል መሆኑን ቀድሞ ለክቶ ነበር። በ1952 ደግሞ በሮዛሊንድ ፍራንክሊን ሥር ይሠራ የነበረው ሬይመንድ ጎስሊንግ ጥምዝምዙን ቅርጽ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ የኤክስሬይ ምስል አነሳ። ምስሉን ለዋትሰን ያሳየው የፍራንክሊን ባልደረባ ሞሪስ ዊልኪንስ ነው፤ እሷ አላወቀችም። ፍራንክሊን በ1958 በ37 ዓመቷ አረፈች። በ1962 የኖቤል ሽልማቱን ዋትሰን፣ ክሪክና ዊልኪንስ ወሰዱ። ይህ ታሪክ ስሟ ሳይነሳ ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ይከነክነኛል።

«ዲኤንኤ ራሱን በራሱ ይባዛል»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ትምህርት ቤት ያልሸመደደ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ንጹህ ዲኤንኤ በውሃ ውስጥ ብታስቀምጡና ለዓመታት ብትጠብቁ አንድም ቅጂ አይወጣውም። ዲኤንኤ በሌሎች የሚቀዳ እንጂ ራሱን የሚቀዳ አይደለም። ሥራው የፕሮቲኖች ነው።

ሄሊኬዝ የሚባለው ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ሞለኪዩል) የመሰላሉን ሁለት ክሮች ይለያያል። እየለያየ በሄደ ቁጥር ከፊቱ ያለው ክፍል ይበልጥ እየተጠማዘዘ ይከርራል። የተገመደ ገመድ ከመሃል ለመክፈት የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ ቶፖአይሶሜሬዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ክሩን ቆርጦ ያላላውና መልሶ ይቀጥለዋል። ከዚያ ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ ይገባል። በአዴኒን ፊት ታይሚን፣ በጉዋኒን ፊት ሳይቶሲን እያመጣ ይገጥማል።

ፖሊሜሬዝ ግን ሁለት ነገር አይችልም። አንደኛ፣ ከባዶ መጀመር አይሆንለትም። ፕራይሜዝ የሚባል ኢንዛይም መጀመሪያ ከአርኤንኤ፣ ማለትም ከዲኤንኤ የቅርብ ዘመድ ሞለኪዩል፣ አጭር መነሻ መሥራት አለበት። አዎ፣ ዲኤንኤን ለመቅዳት አርኤንኤ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አዲሱን ክር የሚያስረዝመው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ደግሞ የተጋደሙት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በአንደኛው ክር ላይ ሳያቋርጥ ይሄዳል። በሌላኛው ላይ ትንሽ ይሠራል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ትንሽ ይሠራል። እነዚህ ቁርጥራጮች በጃፓናውያኑ ባልና ሚስት፣ በሬይጂና በጹኔኮ ኦካዛኪ ስም ይጠራሉ። በመጨረሻ የአርኤንኤ መነሻዎቹ ወጥተው በዲኤንኤ ይተካሉ፤ ላይጌዝ የሚባለው ኢንዛይም የቀሩትን ክፍተቶች ያያይዛል።

«እንደ ዚፕ ይከፈትና በሁለቱም በኩል ይሞላል» የሚለው የተለመደ ምሳሌ ይህን ሁሉ ልፋት ይሸፍነዋል። ለእኔ ግን የነገሩ ውበት ያለው እዚያው ልፋቱ ላይ ነው።

«ዋናው ይቀመጣል፣ ቅጂው ለብቻው ይወጣል»

ፎቶኮፒ ስለለመድን እንደዚያ እናስባለን። በዲኤንኤ ዘንድ ግን «ዋና» እና «ቅጂ» የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ አሮጌ ክሮች ይለያያሉ፤ እያንዳንዳቸው አዲስ ጓደኛ ያገኛሉ። ከሁለቱ ውጤቶች እያንዳንዱ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ነው።

ይህን ያረጋገጡት ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል ናቸው፤ በ1958። ባክቴሪያዎችን በከባድ ናይትሮጂን አሳደጉ። ዲኤንኤያቸው በዚህ ከበደ። ከዚያ ቀላል ናይትሮጂን ወዳለበት ምግብ አዛወሯቸው። ባክቴሪያዎቹ አንድ ጊዜ ከተባዙ በኋላ ዲኤንኤው ሲመዘን ከባድም አልነበረም፣ ቀላልም አልነበረም። ሁሉም መካከለኛ ነበር። ዋናው ሳይነካ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ከባዱና ቀላሉ ለየብቻ ይታዩ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሲባዙ ደግሞ ግማሹ መካከለኛ፣ ግማሹ ቀላል ሆነ። እንዲህ ጥርት ብሎ የሚመልስ ሙከራ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

«ቅጂው ከአንድ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ላይ ያልቃል»

እስቲ እናስላው። የሰው ዲኤንኤ ክሮሞሶም በሚባሉ ረጃጅም ቁራጮች የተከፋፈለ ነው፤ ትልቁ ክሮሞሶም ወደ 249 ሚሊዮን የቤዝ ጥንድ አለው። በሰው ሴል ውስጥ የመቅዳት ፍጥነት በሴኮንድ 50 ቤዝ ገደማ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚህ ፍጥነት ቢሄድ ሁለት ወር ሊፈጅ ምንም አይቀረው። ሴሉ ግን ዲኤንኤውን ሁሉ ቀድቶ የሚጨርሰው በ8 ሰዓት አካባቢ ነው። ምክንያቱም ሥራው በአንድ ጊዜ በሺዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ይጀመራል፤ ከእያንዳንዱ መነሻም ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ግን መነሻው አንድ ብቻ ነው። በሴኮንድ ወደ 1,000 ቤዝ ስለሚቀዳ ይበቃዋል።

በዚያው የክሮሞሶምን ነገር ላንሳ። በየመጽሐፉ የምናየው የኤክስ ቅርጽ የሚታየው ሴል ሊከፈል ሲል ብቻ ነው። ያኔ መቅዳቱ ካለቀ ቆይቷል፤ የኤክሱ ሁለት ወገኖችም ተመሳሳይ ቅጂዎች ናቸው። በቀሪው ጊዜ ክሮሞሶሙ የላላ ክር ነው። በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ወደ 2 ሜትር ይሆናል። የተጠቀለለው ግን ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ በማይበልጥ ኒውክለስ (የሴሉ እምብርት) ውስጥ ነው።

«ሚውቴሽን የሚመጣው ከጨረርና ከኬሚካል ብቻ ነው»

ሚውቴሽን ማለት በዲኤንኤ የቤዝ ቅደም ተከተል ላይ የሚመጣ ለውጥ ነው። ጨረርም ኬሚካልም ጉዳት ያደርሳሉ፤ እውነት ነው። ግን ምንም ሳይነካው እንኳ ቅጂው ይሳሳታል። ፖሊሜሬዝ ቤዝ ሲመርጥ ከ100,000 አንድ ጊዜ ያህል ይስታል። የሰው ሴል 6 ቢሊዮን ገደማ የቤዝ ጥንድ ስላለው፣ ይህ ብቻ ቢሆን በእያንዳንዱ ክፍፍል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ስህተት ይፈጠር ነበር። ፖሊሜሬዝ ግን የሠራውን ያያል። ካልገጠመ ወደ ኋላ ተመልሶ ይነቅለዋል። እሱን ያመለጠውን ሌሎች ጠጋኝ ፕሮቲኖች ይለቅሙታል። በመጨረሻ የሚቀረው ከቢሊዮን ቤዝ አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ያችው የቀረች ጥቂት ስህተት አንዳንዴ በሽታ ታመጣለች፣ ብዙ ጊዜ ምንም አታደርግም። እርስ በርስ እንድንለያይ ካደረጉን ነገሮችም አንዷ እሷ ናት።

«አርኤንኤ ተላላኪ ብቻ ነው»

አርኤንኤን እንደ ዲኤንኤ ታናሽ ወንድም አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። የዲኤንኤን መልእክት ፕሮቲን ወደሚሠራበት ቦታ ያደርሳል፣ ይጠፋል። በእውነቱ መልእክተኛው አርኤንኤ በሴል ውስጥ ካለው አርኤንኤ ትንሹ እጅ ነው። አብዛኛው፣ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው፣ የራይቦዞም አካል ነው። ራይቦዞም ፕሮቲን የሚሠራበት ማሽን ነው፤ የፕሮቲን ጡቦች የሆኑትን አሚኖ አሲዶች እርስ በርስ የሚያያይዘውም የማሽኑ አርኤንኤ ክፍል ነው። ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን አርኤንኤ እንደ ኢንዛይም መሥራት እንደሚችል በማሳየታቸው በ1989 ኖቤል ተሸልመዋል።

«አንድ ክር ነው» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። አርኤንኤ በራሱ ላይ እየታጠፈ፣ የራሱን ቤዞች እርስ በርስ እያጣመረ ውስብስብ ቅርጽ ይይዛል። ሮታቫይረስ ደግሞ ባለ ሁለት ክር አርኤንኤ አለው።

ዩራሲል የሚባለው ቤዝ ጉዳይስ? አርኤንኤ በታይሚን ፋንታ ዩራሲል እንደሚጠቀም ሁላችንም እንሸመድዳለን። ለምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረንም። ሳይቶሲን በራሱ ጊዜ ወደ ዩራሲል የመለወጥ ጠባይ አለው። ዲኤንኤ ውስጥ ዩራሲል ከተገኘ ጠጋኙ ኢንዛይም ወዲያው ይነቃል፤ «ይህ እዚህ ቦታ የለውም» ብሎ ያወጣዋል። ዲኤንኤም በመደበኛነት ዩራሲል ቢጠቀም ኖሮ ትክክለኛውን ከተበላሸው መለየት አይቻልም ነበር። ታይሚን ማለት አንዲት ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት የተጨመረበት ዩራሲል ነው። አርኤንኤ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ምልክቱን ባያገኝም ብዙ አይጎዳም።

«የአርኤንኤ ክትባት ዲኤንኤን ይቀይራል»

ይህ ፍርሃት ያላቸው ሰዎች ሊሰደቡ አይገባም። መልስ ነው የሚያስፈልጋቸው። መልእክተኛ አርኤንኤ የሚሠራው ከኒውክለስ ውጭ፣ ራይቦዞሞቹ ባሉበት ነው። ዲኤንኤው ያለው ኒውክለስ ውስጥ ነው። አርኤንኤው ተነቦ ሲያበቃ ይፈራርሳል። እርግጥ ከአርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ የሚጽፍ ኢንዛይም በተፈጥሮ አለ፤ ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በ1970 አግኝተውታል። ኤችአይቪ ይህን ኢንዛይም ይዞ ይገባል፤ የተጻፈውን ዲኤንኤ ከእኛው ጋር የሚሰፋ ሌላ ኢንዛይምም አብሮት አለ። ክትባቱ ውስጥ ሁለቱም የሉም።

«እያንዳንዱ ሴላችን ዲኤንኤ አለው»

ሁሉም አይደለም፤ ለምሳሌ ቀይ የደም ሴል የለውም። ሲበስል ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል፤ ኦክስጅን ለመሸከም ቦታ ያገኛል። ለምርመራ ከደም የሚወጣው ዲኤንኤ ከቀዮቹ ሳይሆን ከነጮቹ ሴሎች የሚገኝ ነው። ሚሸር ከፋሻው መግል ካወጣበት ከዚያው የሴል ዓይነት ማለት ነው።