እንጨት የጫነ መርከብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጅማ ባህር የላትም። ግን እዚህ ሜካኒካል ምህንድስና ተምረው፣ ባሕር ዳር የመርከብ ሥልጠና ወስደው ባህር ላይ የሚሠሩ ልጆች አሏት። ለእረፍት ሲመጡ የቡናው ወሬ መርከብ ይሆናል። አጣና በአይሱዙ ሲጫን እያየ ያደገ ሰው ደግሞ ስለ እንጨት ጭነት አስተያየት አያጣም።

«እንጨት ይንሳፈፋል፤ እንጨት የጫነ መርከብ አይገለበጥም።»

ይገለበጣል እንጂ! ጣውላ ከክብደቱ ይልቅ ቦታ ይፈጃል። የጭነት ክፍሉ ሲሞላ የተረፈው ከላይ ወለሉ ላይ ይከመራል። እዚያ ዝናብና ማዕበል ሲጠጣ ይከብዳል። ከታች ያለው ነዳጅ ደግሞ በየቀኑ እየተቃጠለ ያልቃል። ከወደብ ደህና የተነሳ መርከብ መንገድ ላይ አናቱ ይከብዳል። ስለዚህ የመርከቡ ሚዛን የሚሰላው ለመነሻው ብቻ ሳይሆን እስከ መድረሻው ድረስ ነው።

«ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ መርከብ የተረጋጋ ነው።»

እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ዘንበል ብሎ ለመመለስ የሚዘገይ መርከብ የመቃናት አቅሙ ደክሟል። በኃይል የሚናጠውም አይሻልም፤ ማሰሪያ ይበጥሳል።

«ሰንሰለቱ ጠንካራ ከሆነ አለቀ።»

ክምሩ ክፍተት ካለው ሰንሰለት ብቻውን አያድንም። መርከቡ ሲናጥ እንጨቱ ይጠቀጠቃል፣ ክምሩ ዝቅ ይላል፣ የተወጠረው ይላላል። የዓለም አቀፉ የባህር ድርጅት የ2011 መመሪያም ማሰሪያው በጉዞ ላይ እየተፈተሸ እንደገና እንዲወጠር ይላል።

«እንጨት መርዝ አይደለም፤ የጭነት ክፍሉ ውስጥ ቢገቡ ምን ችግር አለው?»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ተቆርጦ የተጫነ ግንድ በተዘጋ ቦታ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ሰው «ኧረ!» ሳይል ራሱን ይስታል። አፍንጫ አይረዳም፤ የሚሸተው ያው ደስ የሚለው የእንጨት ሽታ ነው። አደጋው ደግሞ ግንዱ ያለበት ክፍል ብቻ አይደለም። መሰላሉ ያለበት ጠባብ መውረጃም አየር አልባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ አየር ይገባል፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም በመሣሪያ ይለካል።

አንዱ ሲወድቅ ጓደኛው ሊያወጣው ዘሎ ይገባል፣ ሁለተኛውም እዚያው ይቀራል። ጭካኔ ቢመስልም ውጭ ያለው ሰው መግባት የለበትም። ማንቂያውን ደውሎ የመተንፈሻ መሣሪያ ያደረገ ቡድን መጠበቅ ነው ያለበት።