የእንቅርት ናሙና በቀጭን መርፌ፦ በመሳብ ወይስ ያለመሳብ

አንገት ፊት ለፊት ባለው በታይሮይድ እጢ ላይ የሚወጣ እብጠት (እንቅርት) አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ይህን ከቀዶ ሕክምና በፊት ለማጣራት ሴል በቀጭን መርፌ ይወሰዳል፤ በሆስፒታል ሐኪሙም ታካሚውም «ኤፍ ኤን ኤ» የሚሉት ምርመራ ነው።

መርፌው ከ23 እስከ 27 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ) ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። የተለመደው ባለ 25 ጌጅ ውፍረቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ትከሻው ሥር ትራስ ይደረጋል፣ አንገቱም ወደ ኋላ ይለጠጣል። ምራቅ ሲዋጥ እጢው ከጉሮሮ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል መርፌው ገብቶ ሳለ መዋጥም መናገርም አይገባም።

ብዙዎች ሴሉን የሚያወጣው የሲሪንጁ መሳብ ይመስላቸዋል። ሴሉን ፍቆ የሚያላቅቀው ግን የመርፌው ስለት ነው። ስለዚህ ሳይስቡ መጀመር ይመረጣል፦ መርፌው ብቻውን እንደ እስክሪብቶ ተይዞ እብጠቱ ውስጥ ከ2 እስከ 5 ሰከንድ በፍጥነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ ሴሉ በራሱ ወደ ቀጭኑ ቀዳዳ ይወጣል። በመርፌው ፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ደም ብቅ እንዳለ መርፌው ወዲያው ይወጣል። ታይሮይድ ደም የሚበዛበት እጢ ነውና መሳብ ደሙን ያበዛዋል፤ ደሙ ሴሉን ያሳሳል፣ ሲረጋም ውስጡ ይቀብረዋል። መሳብ የሚያስፈልገው እብጠቱ ውሃ ሲቋጥር ወይም ጠንክሮ ሴል አልሰጥ ሲል ነው። ያኔም መርፌው ከመውጣቱ በፊት መሳቡ መለቀቅ አለበት፤ ያ ከተረሳ ናሙናው ሲሪንጁ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። ውሃው ከተቀዳ በኋላ የቀረው ጠጣር ክፍል በአልትራሳውንድ እየታየ እንደገና ይወጋል።

ብዙ ናሙና የሚበላሸው ስላይድ (በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ስስ መስታወት) ላይ ነው። ጠብታው በሌላ ስላይድ በስሱ ይለቀለቃል፤ ከተጫኑት ሴሉ ይፈርጣል። በአልኮል የሚቀመጠው ሳይደርቅ ወዲያውኑ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል፤ ጊምሳ ለሚባለው የሴል ማቅለሚያ የሚሆነው በአየር ይደርቃል።

በአብዛኛው ናሙናው በቂ የሚባለው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ፎሊኩላር ሴል (የታይሮይድ ዋናው ሴል) ያላቸው 6 ስብስቦች ሲገኙበት ነው። ውጤቱ ቤተስዳ በሚባለው የታይሮይድ ናሙና አመዳደብ ሥርዓት ከ1 እስከ 6 ይመደባል፤ 1 ማለት «ናሙናው አልበቃም» እንጂ «ነፃ ነህ» ማለት አይደለም። ከፎሊኩላር ሴል የሚነሣውን ፎሊኩላር ካንሰር መርፌ አይለየውም፤ የሚታወቀው የእብጠቱን ሽፋን ወይም የደም ሥርን ሰብሮ መግባቱ ሲታይ ነውና እብጠቱ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር። ከተወጋ በኋላ ቦታው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተጭኖ ይያዛል፤ አንገት በፍጥነት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።