የናሙና ዝግጅት ለአካባቢ ያለው ተስማሚነት እንዴት ይመዘናል?

በአፈር ወይም በምግብ ውስጥ ያለ የፀረ ተባይ ቅሪት ሲመረመር ናሙናው እንዳለ ወደ መሣሪያው አይገባም። መጀመሪያ ይፈጫል፣ በአሟሚ ይነከራል፣ ይጣራል፣ ከባዕድ ነገር ይጸዳል። የናሙና ዝግጅት የሚባለው ይህ ነው። ከምርመራው ጊዜ፣ ኬሚካልና ቆሻሻ አብዛኛው የሚመጣውም ከዚሁ ደረጃ ነው።

የሶክስሌትን ዘዴ እንውሰድ። ጀርመናዊው ፍራንዝ ፎን ሶክስሌት መሣሪያውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1879 ቢሆንም ዛሬም ይሠራበታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ 3540ሲ ብሎ በሰየመው ዘዴ 10 ግራም አፈር በ300 ሚሊ ሊትር አሟሚ፣ ለምሳሌ በሄክሴንና አሴቶን ድብልቅ፣ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ሲታጠብ ይቆያል። ለአንድ እፍኝ የማይሞላ አፈር ይህን ያህል ተቀጣጣይና ለጤና አደገኛ ፈሳሽ ማትነን፣ እኔ እንደማየው፣ ከባድ ዋጋ ነው። በ2003 ይፋ የሆነው ኬቸርስ የተባለው ዘዴ ግን ለ10 ግራም አትክልት 10 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል፣ ጥቂት ጨውና የእጅ ንቅነቃ ይበቃዋል።

ይህን ልዩነት በቁጥር ለማስቀመጥ የፖላንድ፣ የስፔንና የግሪክ ተመራማሪዎች በ2022 አግሪፕሬፕ የተባለ መመዘኛ አወጡ። መመዘኛው አሥር ጥያቄዎች አሉት፦ ዝግጅቱ ናሙናው ካለበት ቦታ ምን ያህል ይርቃል፣ አሟሚው ምን ያህል አደገኛ ነው፣ ቆሻሻው ስንት ነው፣ በሰዓት ስንት ናሙና ያልፋል፣ ባለሙያውስ ለምን ይጋለጣል፣ የመሳሰሉት። ውጤቱ ከ0 (በጣም ደካማ) እስከ 1 (በጣም ተስማሚ) ሲሆን ክብ ሥዕል ላይ ከቀይ እስከ አረንጓዴ ባሉ ቀለማት ይታያል። ጥያቄዎቹ እኩል ክብደት የላቸውም፤ ትልቁን ክብደት የያዘው የአሟሚው ደኅንነት ነው። በኤሌክትሪክ በኩል ደግሞ ለአንድ ናሙና ከ500 ዋት ሰዓት በላይ የፈጀ ዘዴ በዚያ ጥያቄ ምንም ነጥብ አያገኝም። ለሶክስሌት ዘዴ 200 ዋት የሚስብ ማሞቂያ 16 ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 3200 ዋት ሰዓት ይደርሳል።

ተጠቃሚው ክብደቶቹን መለወጥ ስለሚችል፣ የተለወጡበት ምክንያት ሳይገለጽ የሁለት ጽሑፎችን ውጤት ማነጻጸር ያሳስታል። በክቡ መሃል ላይ ከተጻፈው ጠቅላላ ውጤት ይልቅ የትኛው ክፍል እንደቀላ ማየት ይጠቅማል፤ የሚሻሻለውን የሚጠቁመው እሱ ነው። መመዘኛው ዘዴው ትክክለኛ ውጤት ይስጥ አይስጥ አይናገርም። ቅሪቱን የማያገኝ ዘዴ አረንጓዴ ቢሆን ምን ይረባል? ለዚህም በ2021 የቀረበው ነጭ አናሊቲካል ኬሚስትሪ የተባለው ሐሳብ ትክክለኛነትንና የአሠራር ምቾትን ከአካባቢው ጋር አንድ ላይ ይመዝናል።

ዋናው እንቅፋት ያለው ግን መደበኛ ዘዴዎቹ ላይ ነው። 174 የአይሶ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት)፣ የአውሮፓ ደረጃዎችና የፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መመሪያ መጽሐፍ) ዘዴዎች በአግሪፕሬፕ ሲመዘኑ 67 በመቶዎቹ ከ0.2 በታች አግኝተዋል። ዕውቅና ያለው ላቦራቶሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው እነዚህኑ ነው፤ የተሻለ መንገድ የሚያውቅ ኬሚስትም ደረጃው እስኪሻሻል ድረስ ያንኑ አሟሚ በሊትር መቅዳቱን ይቀጥላል።